ከለላቸውን በገዛ ፊርማቸው የተዉት የጋሽ ብሎን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከሰባ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከግንበኛ አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከእሳቸው በላይ ሁለት እህቶች፣ ከእሳቸው በታች አንድ ወንድም ነበሯቸው። አያታችን ቤቱን የሠሩት ከየግንባታው በተራረፈ ድንጋይ ስለነበር አንዱ ግድግዳ ከሌላው ጋር በቀለም አይገጥምም፤ ጎረቤቱም «የተጣፈው ቤት» ይለው ነበር።

አባታችን ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ፣ በእጃቸው ግን ከሁሉ የበለጡ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው ወደ ሥራ እስኪሄዱ ጠብቀው የቤቱን የልብስ ስፌት መኪና እስከ መጨረሻው ፈታቱት፤ መልሰውም ገጠሙት። መኪናው እንደ ወትሮው ሰፋ። አንዲት ብሎን ግን ተርፋ እጃቸው ላይ ቀረች። አያታችን ብሎኗን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ታዲያ ይቺ እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?» አሉ ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ብሎን ተባሉ፤ ሲጎለምሱ ጋሽ ብሎን ሆኑ። መጠሪያ ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ከቤተሰቡ ውጪ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከዚያም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት መካኒክነት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። የምስክር ወረቀታቸውን በተቀበሉ በሦስተኛው ወር ጦርነቱ ተነሣ። የክፍላቸው ልጆች ስም ዝርዝር አንድ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ። አባታችን በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወታደር ሆኑ፤ ለሦስት ዓመት ተኩልም አገለገሉ።

ስለዚህ አገልግሎት ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ትከሻቸው ላይ የቀረውን የፍንጣሪ ጠባሳና የተሰጣቸውን የምስጋና ደብዳቤ። ሦስተኛውን ነገር እኛ ልጆቻቸውም ሆንን እናታችን ለአርባ ሰባት ዓመት አናውቅም ነበር። አባታችን ከማረፋቸው በፊት ይህን ታሪክ የምጽፈውን የመጨረሻ ልጃቸውን ጠርተው «ስትጽፊ ድልድዩን እንዳትዘይው። እሱን ከዘለልሽ ሌላውም ይቅር» ብለውኛል። ስለዚህ አልዘለውም።

በአገልግሎታቸው በሁለተኛው ዓመት፣ አባታችን ሃያ አንድ ዓመታቸው እያለ፣ በአንድ ድልድይ አፍ ላይ በነበረ ኬላ ተመድበው ነበር። አብሯቸው የተመደበው ወታደር ሬዲዮ ብለን የምንጠራው የመገናኛ ሠራተኛ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት፣ በኋላ ላይ አንድ እግሩን በፈንጂ ያጣው የአባታችን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው። ከሳምንት በፊት በሌላ ድልድይ ላይ ፈንጂ የጫነ መኪና ገብቶ ስድስት ወታደሮች ስለሞቱ፣ «ቁም ሲባል ያልቆመ ተሽከርካሪ ይመታ» የሚል ትእዛዝ ወርዶ ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ያንጸባርቃል። ነጭ ፒካፕ ከቁልቁለቱ እየፈጠነ መጣ። አባታችን እጃቸውን አነሡ፣ ጮኹ፣ ወደ ሰማይ ተኮሱ። አልቆመም። ከዚያ ወደ መኪናው ተኮሱ። መኪናው ከአሸዋ ጆንያው ጋር ተላትሞ ቆመ። ውስጡ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሕይወታቸው አልፏል። የሠላሳ አንድ ዓመት የከብት ሐኪም ነበሩ። ከኋላ የጫኑት የክትባት ጠርሙሶች የተደረደሩበት የበረዶ ሣጥን ነበር። ከጠርሙሶቹ አንዱ እንኳ አልተሰበረም።

አባታችን የተማሩት መካኒክነት ነውና ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር አዩ። የፍሬኑ ቱቦ ዝጎ ተበጥሷል፤ የፍሬኑ ዘይት ጎማውን አልብሶታል። ፔዳሉን በእጃቸው ሲጫኑት እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሰውዬው ማቆም ቢፈልጉም አይችሉም ነበር። ይህንኑ ለመቶ አለቃው ነገሩ። መቶ አለቃው «እሱን ለመካኒክ ተወው» አሉ፤ አባታችንም «እኔ እኮ መካኒክ ነኝ» ሲሉ፣ «አይደለህም። አሁን ወታደር ነህ» ብለው ወረቀቱን አቀረቡላቸው። ወረቀቱ «ፍተሻ ጥሶ ለማለፍ የሞከረ ሰርጎ ገብ» ይላል። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለበትም። አባታችን ፈረሙ። ሬዲዮም ፈረመ። የምስጋና ደብዳቤው የመጣው ከዚህ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ጦርነቱ አብቅቶ አባታችን ሲሰናበቱ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጥረው አሥራ አራት ዓመት ሠሩ። ከእናታችን ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። እናታችን የኮሌታ ሰፊ ነበሩ። የእሳቸው መኪና ከመላው መስመር ተለይቶ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበላሻል፤ አባታችንም ካቻቢቴያቸውን ይዘው ይመላለሳሉ። በተጋቡ በአሥረኛ ዓመታቸው እናታችን በእንግዳ ፊት «መርፌውን የምሰብረው እኔ ነበርኩ» ብለው አመኑ። አባታችን ሳይስቁ «አውቃለሁ። መርፌ በራሱ ሲሰበር እንደዚያ አይሰበርም» አሉ። በትዳራቸው ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ፋብሪካው ሲዘጋ በባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የራሳቸውን የጥገና ሱቅ ከፈቱ። ጣሪያው ከደረጃው ጋር ስለሚያዘቀዝቅ ረጅም ሰው ከበሩ አንድ እርምጃ ገብቶ መጎንበስ አለበት። አንድ መስኮት፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ ላይ የታሰረ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ በርጩማ። የወደቀ መርፌ የሚለቅሙበት ማግኔት በክር ከአንገታቸው አይጠፋም ነበር። የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ እዚያች ጎሬ ውስጥ ጎንብሷል። ተማሪ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰፋ ልጅ መኪናዋን ስታመጣ ጠግነው ብቻ አይሰጧትም፤ ራሷ እንድትፈታው አድርገው፣ ራሷ እንድትገጥመው ያደርጓታል። «ነገ እኔ ብሞት ማን ይፈታልሻል?» ይላሉ።

መኪና መንዳት ግን አልተማሩም። ታላቅ ወንድሜ መኪና ሲገዛ ሊያስተምራቸው ለመነ፤ እምቢ አሉ። የማንም መኪና ላይ ስንሳፈር መጀመሪያ ጎንበስ ብለው በየጎማው ውስጠኛ በኩል ያያሉ። በዚህ እንስቅባቸው ነበር። አሁን ያንን ሳቅ ሳስታውሰው ያመኛል።

አባታችን የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር አባልና በኋላም የኮሚቴ አባል ነበሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የተደረጉ ነገሮችን የሚመረምር አጣሪ ጉባኤ ሲቋቋም ሽማግሌ ወታደሮች በመጥሪያ መንገላታት ጀመሩ። ሬዲዮ በማያውቀው ጉዳይ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ተጠርቶ፣ አሳንሰሩ በማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ በክራንች ወጥቷል። አራተኛው ቀን «ይቅርታ፣ ስም ተሳስተን ነው» አሉት። አባታችን በዚህ ቆሽታቸው አረረ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ በየስብሰባው ተናገሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻም የቀድሞ ተዋጊዎች የሕግ ከለላ አዋጅ ወጣ። አዋጁ በጦርነቱ ያገለገለ ሰው በዚያ ዘመን በሥራው ላይ በሠራው ነገር እንዳይከሰስና ቃል ለመስጠትም እንዳይገደድ ይደነግጋል። ለእያንዳንዱም ቁጥር ያለው የከለላ ወረቀት ተሰጠው። አባታችን የእሳቸውን በመስታወት አስገብተው ከሱቁ መስኮት ጎን ሰቀሉት። ይህን የምናገረው ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም። አባታችንም እስከ መጨረሻው አልነቀፉትም። ሬዲዮ ያንን ደረጃ ዳግመኛ እንዳይወጣ ያደረገው ይህ ሕግ ነው።

ሆኖም ሕጉ ሲወጣ በአጣሪ ጉባኤው ዘንድ ከነበሩት መዝገቦች ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ከተዘጉት አንዱ የድልድዩ ነበር። አቤቱታውን ያቀረቡት የከብት ሐኪሙ ታናሽ እህት፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ የሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሳቸው። በሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ሪፖርቱ ላይ የሰፈረውን ስም ተከትለው ወደ አባታችን ሱቅ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ገብተው፣ የደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አባታችን ደንበኛ መስለዋቸው «ምን ላግዝዎት?» አሉ።

«ልከስዎት አልመጣሁም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም» አሉ ወይዘሮዋ። «ወንድሜ ፈሪ ሰው ነበር። ወታደር ሲያይ ከመቶ ሜትር ነው የሚቆመው። ለምን አላቆመም? ይሄን ብቻ ይንገሩኝ።»

አባታችን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ወረቀት ተመለከቱ። ከዚያ የማኅበሩ ጠበቃ ለአባላቱ ሁሉ ያስጠናውን ቃል ተናገሩ፤ «በሕግ ጉዳይ ጠበቃችንን ያነጋግሩ።» ወይዘሮዋ ተነሥተው ሄዱ። ሲወጡ ጭንቅላታቸውን ጣሪያው መታቸው፤ ዞር ብለውም አላዩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን ሌላ ሰው ሆኑ። ምግብ አስጠላቸው። በሥራ መሃል እጃቸው ላይ የያዙትን ብሎን እያዩ ይፈዛሉ። የከለላውን ወረቀት ከግድግዳው አወረዱት። በዓመት ከመንፈቁ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሁላችንም ባለንበት ማንኪያቸውን አስቀምጠው የድልድዩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩን። እናታችን «አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር ይህንን ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው የምትስቅልኝ?» ብለው ከገበታው ተነሡ። ለሁለት ቀንም አላናገሯቸውም።

በአዋጁ ውስጥ አንድ ማንም የማያነበው አንቀጽ አለ፤ ባለ ከለላው ከፈለገ በጽሑፍ ፈርሞ ከለላውን መተው ይችላል። አባታችን ይህንን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲነግሩን ከሁሉ አብልጬ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። «አባዬ፣ ሕጉ እኮ ላንተ ነው የወጣው። የሞተውን ሰውዬ አታስነሣው፤ አንተን ግን ያስሩሃል» አልኳቸው። «ልጄ፣ እስሩን አላጣሁትም» አሉኝ። «ግን ያንን ፍሬን ያየ ሰው እኔ ነኝ። መኪናው ተቆራርጦ ብረት ሆኗል፣ መቶ አለቃውም ሞተዋል። እኔ ብሄድ ሴትዮዋ ማንን ይጠይቁ?» ሬዲዮም ቢሆን መገናኛ መሣሪያው ጋ ተቀምጦ ነበርና ከመኪናው ሥር አላየም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤታችን ድረስ መጡ። «አንተ በሩን ከከፈትከው ነፋሱ ለሁላችን ነው። ነገ ሁሉም ተወው፣ ተወው ይባላል። ዝም አይነቅዝም፣ ወንድሜ» አሉ። አባታችን መልሰው «እኔ ዘንድ ነቅዟል» አሉ። ሊቀ መንበሩ ተቆጥተው ወጡ፤ በወሩም አባታችን ከኮሚቴው ተሰረዙ። ፍርሃታቸው መሠረት አልነበረውም አልልም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሽማግሌዎች በሰው ግፊት ከለላቸውን ትተው ሲንገላቱ አይተናል፤ አባታችንም ይህ እስኪሞቱ ድረስ አሳዝኗቸዋል።

አባታችን በሰባ ዓመታቸው የመተዊያውን ቅጽ ፈርመው በአጣሪ ጉባኤው ፊት ቀረቡ። በዚያ ጠዋት እናታችን ሸሚዛቸውን ተኩሰው ወንበር ላይ ሰቅለውላቸው ነበር። ከሰብሳቢዎቹ አንዷ «ሕጉ እንዲናገሩ አያስገድድዎትም፤ ለምን መጡ?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን «ሕጉ እንዲወጣ ከለፉት አንዱ ነኝ። መጥፎ ነው ለማለት አልመጣሁም። ያየሁትን ልናገር ነው የመጣሁት» አሉ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። አርባ ደቂቃ ቆመው ተናገሩ። የሬዲዮን ስም አልጠሩም፤ «ሌላ ወታደር» ብቻ ነው ያሉት። ግን በዚያ ኬላ ማን እንደነበረ የማያውቅ የማኅበሩ አባል ስለሌለ ሬዲዮ ተቀየመ። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ቀረ።

ከችሎቱ በኋላ በኮሪደሩ ላይ የከብት ሐኪሙ እህት አባታችንን ጠበቋቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ነበርና ሰምቻለሁ። «እናቴ የሰርጎ ገብ እናት እየተባለች ነው የሞተችው። እርስዎ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር» አሏቸው። አባታችን «አውቅ ነበር» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮዋ እጁን አይተው፣ አልነኩትም፤ ወደ ደረጃው ሄዱ። እኔ በዚያች ሰዓት በጣም ተናደድኩባቸው። አባታችን ግን መኪና ውስጥ ሆነን «ልክ ናቸው» አሉኝ። ከሦስት ወር በኋላ ሰርጎ ገብ የሚለው ቃል ከመዝገቡ ተሰርዞ በምትኩ «በፍሬን ብልሽት ማቆም ያልቻሉ ሰላማዊ ሰው» ተብሎ ተጻፈ። ወይዘሮዋ ይህን ሰምተው ምን እንዳሉ አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ዐቃቤ ሕግ በአባታችን ላይ ሐሰተኛ ሪፖርት በመፈረም ክስ መሠረተ። በመተኮሳቸው አልተከሰሱም፤ በመፈረማቸው ነው። መጥሪያው ሱቅ ሲደርሳቸው ይጠግኑት የነበረውን መኪና ጨርሰው፣ ለባለቤቷ አስረክበው፣ ከዚያ ፖስታውን ከፈቱ። ጠበቃቸው መተዊያው በአግባቡ አልተሞላም ብሎ መከራከር እንደሚችል ነገራቸው። «በአግባቡ ነው የሞላሁት፤ መነጽሬን አድርጌ» ብለው እምቢ አሉ።

በዚሁ ጊዜ ሳንባቸው መታመም ጀመረ። ስምንት ወር በሕክምና ሲረዱ ቆዩ፤ ሁለት የችሎት ቀጠሮም በሕመም ተላለፈ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሬዲዮ በክራንቹ ሆስፒታል መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ልጦ ሰጣቸው። ስለ ድልድዩ አንዳቸውም አላነሡም። በሚቀጥለው ቀን መጣ፤ በሚቀጥለውም መጣ። ከማኅበሩ ግን ሌላ ሰው አልመጣም። አባታችን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር፤ ማንን ይጠብቁ እንደነበር አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አባታችን ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እናታችን፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሬዲዮ ባሉበት በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውንና በእጃቸው ሥራ የለመዱ ቁጥራቸውን የማናውቅ ልብስ ሰፊዎችን ትተዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሟቸው የሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ ዛሬም ሥራ ፈትታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። የከብት ሐኪሙ እህት ዛሬ ከዚህ ሕዝብ መካከል ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ካሉ፣ የምንለምናቸው ነገር የለም።

የአባታችን ችሎት ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ የሞት ማስረጃ ከገባ መዝገቡ ወዲያው ይዘጋል ብሎናል። ወንድሞቼ በፖስታ እንላከው አሉ። እኔ ግን ራሴ እሄዳለሁ። አባታችን ለዳኛው ሊያነቡት በሆስፒታል አልጋ ላይ በእርሳስ የጻፉት ሁለት ገጽ አለ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት እንዲያያዝልኝ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉኝ፣ ቆሜ አነበዋለሁ።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ይቀበልልን፤ በዚያ ረቡዕ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ለቀሩት የከብት ሐኪምም እኩል ዕረፍት ይስጥልን።